አትክልት በባልዲና በጆንያ፦ ምን፣ መቼ፣ በምን እንትከል?

ብዙ ሰው በረንዳ ላይ አትክልት ለመትከል ሲያስብ መጀመሪያ የሚገዛው ዘር ነው። እኔ ዘሩን መጨረሻ ላይ ግዙት እላለሁ። በአዲስ አበባ ዳርና ዙሪያ፣ ቆዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ሱሉልታ ለሚኖር ሰው ዕቅዱን የሚወስነው ውሃ ነው። ቀጥሎ ፀሐይ ይመጣል፣ ከዚያ ወጥ ቤት፣ ከዚያ ዕቃ። እነዚህን ካያችሁ በኋላ የዘሩ ምርጫ ብዙም አያስቸግርም።

1. ውሃችሁን ለኩ

ክረምት ላይ ዝናቡ ያጠጣል። ፈተናው በጋ ነው። በዳር ሰፈሮች ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በረሜል የምንሞላውም ለዚያ ነው። ፀሐይ በጠናበት ወቅት 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ ያደገ አንድ ቲማቲም በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ውሃ ይጠጣል። እንዲህ ያለ አሥር ባልዲ ካላችሁ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ጀሪካን ውሃ ይሄዳል ማለት ነው። ታዲያ ቧንቧው ለቀናት ቢጠፋ ከቤት ፍጆታ ተርፎ ስንት ሊትር ይኖራችኋል? የዕቃችሁን ብዛት በዚያ ልክ ወስኑ። ሦስት ባልዲ በደንብ ጠጥቶ ሲያፈራ፣ አሥር ባልዲ እየጠወለገ ከሚከርም ይሻላል።

ሩዝ፣ ምስርና ጎመን ያጠባችሁበትን ውሃ አጠራቅሙ፤ ለተክል ይሆናል። በረኪና ወይም ኦሞ የነካውን ግን አትስጡ። ወንዝ ዳር የምትኖሩ ደግሞ እባካችሁ ከአቃቂ ወንዝ ቀድታችሁ አታጠጡ። የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ ነው። ሰላጣን የምንበላው በጥሬው መሆኑን አትርሱ።

2. ፀሐይዋን ተከታተሉ

ቅጠላ ቅጠል በቀን ለ4 ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘ ይበቃዋል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ከ6 ሰዓት በታች ካገኙ ቅጠል ብቻ ያበዛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሆንም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ግንቦት ላይ በፀሐይ ቢሞላም ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥላ ነው። የግንቦቱን ብርሃን አይታችሁ የበጋ ዕቅድ አታውጡ። እንዲህ ባለ በረንዳ ላይ በበጋ ሰላጣና ቆስጣ ትከሉ። ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሰማዩ በሚጠራበት ወቅት ፀሐዩ የእናንተ ነው።

3. ወጥ ቤታችሁን ጠይቁ

ቤታችሁ በሳምንት የሚገዛውን አትክልት ጻፉ። ከዚያ ውስጥ ቶሎ የሚጠወልገውንና በትንሽ በትንሹ የሚፈለገውን ምረጡ፦ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል። ባልዲ የሚክሰው እነዚህን ሲተክሉ ነው። ቆስጣና ጎመን የውጭውን ቅጠል እየቀነጠባችሁ ለወራት ይበላሉ። የጥብስ ቅጠል አንዴ ከያዘ ውሃ እምብዛም አይፈልግም።

ጥቅል ጎመንና ቀይ ሽንኩርት ለገበያ ይቅሩ። አንድ ጥቅል ጎመን አንድ ባልዲ ለሦስት ወር ያህል ይዞ ይቆይና አንድ ቀን ተቆርጦ ያልቃል።

4. ዕቃውንና አፈሩን አዘጋጁ

ለሰላጣ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ ያረጀ ሳፋም ይሆናል። ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ከ20 እስከ 25 ይፈልጋሉ። ለካሮት 30 ይሁን፤ ዘሩንም እዚያው ዕቃ ላይ ዝሩ፣ ችግኙ ሲዛወር ሥሩ ይጣመማል። ቃሪያ በ10 ሊትር፣ ቲማቲም በ20 ሊትር ባልዲ አንድ አንድ እግር። ለድንች ጆንያ ይመቻል፤ አፉን አጥፋችሁ ትጀምሩና ተክሉ ሲያድግ እየዘረጋችሁ አፈር ትጨምራላችሁ።

የዘይት ጀሪካን ጎኑ ተቀዶ ጥሩ የሰላጣ ማሳ ይሆናል። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ግን በምንም ዓይነት አትጠቀሙ። የምትተክሉበትን ዕቃ ታቹን አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፣ ብሎኬት ላይም አስቀምጡት። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ክብደቱን አስቡ፦ እርጥብ አፈር የሞላ 20 ሊትር ባልዲ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በረንዳው ብረት ላይ አትስቀሉት። በግድግዳው ጥግ ደርድሩት፣ አንድ ቦታም አትከምሩት።

በአቃቂና በቱሉ ዲምቱ በኩል የምታገኙት ጥቁር አፈር ብቻውን ለዕቃ አይሆንም። ሲረጥብ ውሃ ያቁራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ከላይ የጤፍ ጭድ አልብሱት፤ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ የምታጠጡት ውሃ ይቀንስላችኋል።

5. ወሩን ከአትክልቱ ጋር አጋጥሙ

ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ጎመንና ቆስጣ ይስማማቸዋል። ሰላጣውን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር አስጠጉት፤ በረዶ ከጣለ ቅጠሉን ይበሳሳዋል። ቲማቲምና ድንችን በዚህ ወቅት አልመክርም። ቅጠላቸው እርጥብ ሆኖ ሲውል ሻጋታ ያጠቁራቸዋል፣ በጥቂት ቀንም ይጨርሳቸዋል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፦ ቀኑ ብራ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰላጣ ደስ ይላቸዋል። ሱሉልታ ከፍ ያለና ሜዳ በመሆኑ ውርጭ ይጥላል፤ እዚያ ያላችሁ ማታ ማታ ተክሉን በጆንያ ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍኑ። አቃቂ ዝቅ ስለሚል ሻል ይላል።

ቲማቲምና ቃሪያ ሙቀት ይወዳሉ፤ እኛ ጋ ሞቃቱ ጊዜ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ታኅሣሥ ላይ ዘሩን በእርጎ ኩባያ መስኮት ሥር አብቅሉ። ጥር ማለቂያ ወደ ባልዲው አዛውሩ። ክረምቱ ሳይገባ ፍሬ ትለቅማላችሁ።

ለሚጾም ቤት አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ። በዐቢይ ጾም ለበያይነቱ የሚሆን ቅጠል በየቀኑ ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይንራል። ጾሙ ከየካቲት 1 ቀደም ብሎ አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አይዘገይም። ቆስጣ ተዘርቶ ለመቀንጠብ ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ኅዳር ማለቂያ ላይ የዘራ ሰው ጾሙ ሲገባ ከበረንዳው ይቀነጥባል። ለጾም ማለቂያ የሚሆነውን ደግሞ ጥር ላይ ድገሙ።

6. አሁን ዘሩን ግዙ

የዘር ፓኬት ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን እዩ፤ ያለፈበት ዘር ሊበቅልም ላይበቅልም ይችላል። ቲማቲምና ቃሪያ ጥቂት እግር ብቻ ከፈለጋችሁ ችግኝ መግዛት ያዋጣል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ከሥሩ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) አለመኖሩን አረጋግጡ፤ አንድ የተወረረ ችግኝ በረንዳውን በሙሉ ይበክላል።

የሰላጣን ዘር በአንድ ቀን ዘርታችሁ አትጨርሱት። በየሁለት ሳምንቱ ቆንጠር እያደረጋችሁ ዝሩ፣ ቀኑንም ባልዲው ላይ በማርከር ጻፉ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው ይደርሳል።