«ድሮ ይሻል ነበር» ሲሏችሁ፦ አድሚኖች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የኪሮሽ ሥራ ወዳዶች የቴሌግራም ግሩፕ አስቡ። ዳንቴል፣ የሕፃን ኮፍያ፣ የሶፋ ልብስ ይለጠፍበታል። ክር የት እንደሚረክስ ይጠየቅበታል። ችግሩ ጠዋት ጠዋት ነው። «እንደምን አደራችሁ» ከነአበባው ሥዕል ይዘንባል፤ ማታ የተጠየቀ ጥያቄ ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። አድሚኗን መረራት። አንድ ማታ «ከነገ ጀምሮ ሰላምታና የድምፅ መልእክት ክልክል ነው» ብላ ጻፈች፣ ፒን አደረገችው፣ ተኛች። ስትነሳ ግሩፑ ታምሷል።

ችግሩን በማየቷ ልክ ናት። አካሄዷ ነው የተበላሸው። እንዲህ ያሉ ስህተቶች በፎቶም፣ በቼዝም፣ በአበባም ግሩፕ ያው ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ተቃውሞን ሁሉ ግትርነት ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። «ሰው ለውጥ አይወድም» ብሎ መገላገል ደግሞ ይጥማል።

ራቨልሪን ተመልከቱ። ከ2007 ጀምሮ የሹራብና የኪሮሽ ሠሪዎች መሰባሰቢያ የሆነ ድረ ገጽ ነው። በጁን 2020 መልኩን ቀየረ። ብዙ ተጠቃሚዎች ዓይናችንን አመመን፣ ማይግሬን ቀሰቀሰብን አሉ። የሚጥል በሽታችን ተነሣብን ያሉም ነበሩ። ቀለሙ ያስጠላውን ሰው «ትለምደዋለህ» ማለት ይቻላል። ያሳመመውን ሰው እንዴት እንዲህ ይሉታል?

ስለዚህ የለውጡን ጥቅም ከመዘርዘራችሁ በፊት ይሄ ሰው ምን ይቀርበታል ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ኪሮሹ ግሩፕ እንመለስ። ዓይናቸው የደከመ እናት በአማርኛ ኪቦርድ አንድ መስመር እስኪጽፉ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። በድምፅ ግን የክሩን አያያዝ በአንድ ደቂቃ ያስረዳሉ። ድምፅ ሲከለከል እሳቸው ከነሙያቸው ዝም አሉ ማለት ነው። አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ በቀኑ ውስጥ በአማርኛ «እንደምን አደርሽ» የምትባለው እዚያ ግሩፕ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። እናንተ ኮተት ያላችሁት ለእሷ ግሩፑ ውስጥ የቆየችበት ምክንያት ነው።

ይሄ ሲገባችሁ መፍትሔውም ይቀላል። ቴሌግራም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ግሩፕን በቶፒክ፣ ማለትም በየርዕሱ በተለያዩ ክፍሎች፣ መክፈል ፈቅዷል። ለጥያቄ አንድ ቶፒክ፣ ለሰላምታ አንድ። ሰላምታ የሰለቸው ሰው የዚያን ቶፒክ ኖቲፊኬሽን ብቻ ያጠፋል። ድምፅ የሚልክም በሁለት ቃል ስለ ምን እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍ፤ መጻፍ ያቃተውን ሌላ አባል ይጻፍለት። ማንም አልተባረረም።

ወስኖ ሲያበቃ «አስተያየት ስጡ» ማለት

የይስሙላ ድምፅ መስጫ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አማራጮቹ «ይሻሻል» እና «በጣም ይሻሻል» ከሆኑ ባይጠየቅ ይሻል ነበር። ውሳኔው ካለቀ «ወስነናል፣ ምክንያቱ ይሄ ነው» በሉ። ሰው ግልጽ ውሳኔን ይችላል፤ መሸወድን ግን ይቅር አይልም። ከዚያ ገና ባልተወሰነው ላይ ጠይቁ፦ መቼ ይጀመር? ቶፒኮቹ ስንት ይሁኑ? ስማቸውስ?

ያላለቀውን በሁሉም ላይ መጫን

ዊኪፒዲያን የሚጽፉት ሰዎች አብዛኞቹ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ነው። በጁላይ 2013 በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ ኮድ ሳያውቁ ለመጻፍ የሚያስችል አዲስ የጽሑፍ ማረሚያ መሣሪያ ለሁሉም ተለቀቀ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ግን ስህተት የበዛበትና ዘገምተኛ ነበር፤ ያበላሸውንም ነባር ጸሐፊዎች ተከትለው ማስተካከል ነበረባቸው። በሴፕቴምበር፣ የፈለገ ብቻ የሚያበራው እንዲሆን ተደረገ። መጀመሪያ በፈቃደኞች ቢሞከር ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልመጣ።

ለእናንተ ሙከራው ቀላል ነው። ከግሩፑ አምስት ሰው ምረጡ፤ ሁለቱ የአሮጌ ስልክ ባለቤት ይሁኑ፣ አንዱ ደግሞ ዋነኛው ተቃዋሚ። በሌላ ትንሽ ግሩፕ ላይ አስጀምሯቸውና የት ላይ እንደሚጠፋባቸው እዩ። ብዙ ሰው ቶፒክን የሚጠላው መልእክቱ ሁሉ የተሰወረ ስለሚመስለው ነው። እንደ ድሮው ሁሉንም በአንድ መስመር ማየት እንደሚቻል በስክሪንሹት አሳዩት። ማብራሪያውን በቪዲዮ ማድረግ ከፈለጋችሁ ደግሞ አሳጥሩት፤ የኢንተርኔት ፓኬጁን የሚገዛው እሱ ነው።

መመለሻውን መዝጋት

ራቨልሪ የድሮ መልኩን እስከ 2021 መጀመሪያ ወራት ድረስ በአማራጭ አቆይቶት ነበር። እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያም በጃንዋሪ 2023 መልኩን ሲቀይር የድሮው በየሰዉ ሴቲንግ ውስጥ በአማራጭነት እንዲቆይ ተደርጓል። በር ክፍት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ለመውጣት አይጣደፍም።

በአድሚንነት ማፈን

መልእክት ማጥፋት፣ ሰው እንዳይጽፍ ማገድ (ሚውት)፣ ከዚያ ብሎክ። እጅ ላይ ስላለ ብቻ ይቀናል። ያጠፋችሁት መልእክት ግን ስክሪንሹቱ በሌላ ግሩፕ ይዞራል፣ ያውም ከነማጋነኑ።

በኦገስት 2014 የጀርመንኛው ዊኪፒዲያ አስተዳዳሪዎች ያልወደዱትን አዲስ የፎቶ ማሳያ ለማጥፋት ሲሞክሩ፣ ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ ገጹን እነሱ እንኳን እንዳይነኩት የሚዘጋ ቁልፍ አመጣባቸው። ጸቡ ከፎቶ ማሳያው ወጥቶ «የቤቱ ጌታ ማነው?» ወደሚል ዞረ። ቁልፉ በኖቬምበር 2015 ተነሣ። ቅሬታው ግን ከቁልፉ በኋላም ብዙ ቆየ።

ነገሩ ሲግል አንድን ሰው ከማፈን ስሎው ሞድ አብሩ፤ አባል አንድ መልእክት ከላከ በኋላ ሌላ ለመላክ እንዲጠብቅ የሚያደርግ የቴሌግራም ሴቲንግ ነው። ከጥቂት ሰከንዶች እስከ 1 ሰዓት ይሞላል፤ ለተራ አባላት ሁሉ እኩል ስለሆነ ማንም አይዋረድም። ነባሩን አባል ደግሞ በውስጥ መስመር አናግሩት። አደባባይ ላይ የተናገረውን ለማጠፍ የሚያፍር ሰው በውስጥ መስመር ይለሰልሳል። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉት ነበር?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብዙ ትሠራለች። ከልብ ካልሆነች ግን ባትጠየቅ ይሻላል፣ ይታወቃል።

ለጮኸ ሁሉ መታጠፍ

ይሄ የተቃራኒው ስህተት ነው። ሦስት ሰዎች መቶ መልእክት ስለጻፉ መቶ ሰው ተቃወመ ማለት አይደለም። የስሞቹን ቁጥር ቁጠሩ፣ የመልእክቱን ተዉት። ስድብ ከመጣም ለውጡን ስለተቃወመ ሳይሆን ስለተሳደበ እንደተቀጣ ለይታችሁ ጻፉ። የምትገመግሙበትን ቀንም ከአሁኑ አስታውቁ፤ ለምሳሌ ከወር በኋላ ቅዳሜ ማታ። እስከዚያ ድረስ «ይመለስ» ለሚል ሁሉ ቀኑን እየጠቆማችሁ መልሱ።