ድሬ ላይ የሙዚቃ ባንድ ያለበት ቤት ለሚያመሽ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው፦ በጊዜ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ ባዶ ወንበር ሲያይ «ቤቱ ሞቷል» ብሎ ይወጣል። አስራ አንድ ዓመት እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ኪቦርድ ስጫወት፣ በዚያ ሰዓት ገና ገመድ እየሰካን ነበር።

ድሬ ሰዓቷን የምትቆጥረው በጫት ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ቤት ያስገባዋል፤ ይቅማል፣ ይመረቅናል፤ ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ለጨብሲ ይወጣል። ያ ሰው ደጃችን የሚደርሰው አራት ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ እስኪፈታም ሁለት ሐረር ቢራ ይፈጅበታል። ስለዚህ እራትህን ቀስ ብለህ ብላ፣ ገላህን ታጠብ፣ አምስት ሰዓት ሲል ግባ። ጃኬት አያስፈልግህም። ሐረር የምታመሽ ከሆነ ግን ያዝ፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ደግሞ «አንተ» ስልህ ቅር አይበልህ፤ እኛ ጋ ሽማግሌውም አንተ ነው።

ፍተሻውን እለፍና ቦታ ስትመርጥ ተጠንቀቅ፤ የብዙ ሰው ምሽት የሚበላሸው እዚህ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ያጓጓል፤ ግን ስፒከሩ ጆሮህ ሥር ነው፣ ከጓደኛህ ጋር በምልክት ነው የምታወራው። ሚክሰሩን የያዘው ልጅ የት እንደቆመ እይና እሱ አጠገብ ተቀመጥ። ድምፁን የሚያስተካክለው በራሱ ጆሮ ስለሆነ፣ ከዚያ የተሻለ የሚሰማበት ወንበር የለም። የቬንትሌተሩ ንፋስም ከደረሰህ ተመስገን በል።

ዘፈን የምትጠይቀው በወረቀት ጽፈህ በአስተናጋጅ ልከህ ነው። በአንድ ምሽት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አንዳንዴም ሐረሪኛ ትሰማለህ። ምን ልጠይቅ ካልክ የዓሊ ቢራን ጠይቅ። የድሬ ልጅ ነው፤ በ13 ዓመቱ አፍራን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን ገብቶ፣ በአራቱም ቋንቋ ዘፍኗል። የሱ ዜማ ሲጀመር ሰው ያልተነሳበት ጠረጴዛ አላየሁም። እኔ ራሴ ስንት ሌሊት ሰልችቶኝ ጀምሬው፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ አንገቴ አልታዘዝ ይለኛል።

መሸለም ካማረህ ዘፋኙ አዝማቹን እስኪጨርስ ጠብቅ። ብሩን ግንባሩ ላይ ስትለጥፍም ማይኩን አትግፋ፤ ጥርሱ የተሸረፈ ጓደኛ አለኝ። ከኋላ ያለነውንም አትርሳን አቦ! ኪቦርድ ተጫዋች ግንባር የለውም መሰል፣ በዚያ ሁሉ ዓመት የተለጠፈልኝ በጣት ይቆጠራል።

ሒሳብ በየዙሩ ክፈል፤ ካልሆነም ባዶ ጠርሙስ ከጠረጴዛህ አታስነሳ። አንድ ቤት፣ ስሙን ተወው፣ ወንድሜ አራት ጠጥቶ የዘጠኝ ከፍሏል።

ባጃጅ በር ላይ አይጠፋም፤ ዋጋውን ሳትሳፈር ተነጋገር። ቸኩለህ ግን አትውጣ። ስምንት ሰዓት ግድም ቤቱ ሲሳሳ ዘፋኙ ጫማውን ያወልቃል፣ እኛም ፕሮግራሙን ትተን ለራሳችን እንጫወታለን።