የጽዋ ማኅበር በኮንዶሚኒየም ሰፈር፦ ድግሱን አሳንሶ ምጽዋቱን ማስፋት

የጽዋ ማኅበር፣ ማለትም በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ በአባላት ቤት በተራ የሚደረገው የጸሎትና የማዕድ ስብስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በእምነት መላላት ሳይሆን በድግስ ነው። የመጀመሪያው ተረኛ ሽሮና ምስር ያቀርባል፣ ሁለተኛው ዶሮ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ቢራ በሣጥን ያስገባል። አራተኛው በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ከሆነ ተራው ገና ሳይደርስ በሐሳብ ያልቃል። ያን ወር "አሞኛል" ብሎ ይቀራል፣ ቀጥሎም አይመጣም። ማንም አላባረረውም፤ ያራቀው ማዕዱ ነው። ስለዚህ ማኅበር ስታቋቁሙ ከመተዳደሪያ ደንቡ በፊት የምግቡን ዝርዝር ጻፉ።

ለ15 ሰው የሚበቃውን በኪሎ እንናገር። ለድፎ ዳቦ 2 ኪሎ ዱቄት፣ 1 ሊትር ከሩብ ያህል ለብ ያለ ውኃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ይበቃል። ለወጡ 1 ኪሎ ምስር፣ ከ20 እስከ 25 እንጀራ፣ 1 ኪሎ ቆሎ። የሚጠጣው ብርዝ ይሁን። ከዚህ በላይ ማቅረብ የሚፈልግ ቢኖር ሐሳቡን አታቃልሉበት፤ ትርፉን ለምጽዋት እንዲያውለው ግን በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። ቢራና አረቄ አይግቡ። ከገቡ አንደኛ ንባቡ ያጥራል፤ ሁለተኛ መጠጥ ለመተው የሚታገል አባል ካለ በገዛ ማኅበሩ ይወድቃል።

ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲሆን፣ ወይም በዐቢይ ጾም ውስጥ ሲውል፣ ምግቡ የጾም ነው፤ የምትሰበሰቡትም ከ9 ሰዓት በኋላ ይሆናል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ይህን የሚዘነጉ ብዙዎች ስለሆኑ ጸሐፊው በመስከረም ወር የዓመቱን ቀናት ዘርዝሮ ለአባላቱ ይስጥ።

የአባላቱ ቁጥር 12 ቢሆን ይመረጣል። ሐዋርያትን ያስባል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩም 12 ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል። ከ15 በላይ ስትሆኑ የስቱዲዮ ቤት አይችላችሁም፤ ያኔ ሁለተኛ ማኅበር ይቋቋም እንጂ አዳራሽ አትከራዩ። የማኅበር ጸጋው ቤት ለቤት መዞሩ ነው። በዚያ የወንድማችሁ ጣሪያ ማፍሰሱን፣ የእኅታችሁ ልጅ ትምህርት ቤት ማቋረጡን በዐይናችሁ ታያላችሁ።

ቀኑን ስትመርጡ ማን በየትኛው ማኅበር እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ብዙ ሰው ሌላ ማኅበር አለው። ዓመታዊ ክብረ በዓል ያለበትንም ወር አስቡ። የሚካኤል ማኅበር ከሆነ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12፣ የገብርኤል ከሆነ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አባላቱ እስከ ቀትር ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆኑ ሰዓቱን ወደ ማታ ግፉት። ቀኑ በሥራ ቀን ሲውል ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መሰብሰብ ይቻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ማኅበራት ብዙዎቹ ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያሸጋግሩታል። እንዲያ ስታደርጉ በዕለቱ እያንዳንዱ በቤቱ ስንክሳሩን (የየዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ የያዘውን መጽሐፍ) ያንብብ፣ ቀኑ እንዲሁ እንዳያልፍ።

ሹማምንቱ ሦስት ይበቃሉ፤ ሙሴ (የማኅበሩ መሪ)፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ። ሙሴው የተከበረ ሽማግሌ መሆኑ መልካም ነው፤ ከዕድሜው በላይ የሚፈለገው ግን የተጣላን ሰው ቤቱ ሄዶ ማስታረቅ መቻሉ ነው። ቡራኬው የካህን ስለሆነ የነፍስ አባታችሁን ወይም የአጥቢያውን ካህን ወሩ ሳይገባ ጠይቁ። በዋዜማው ተደውሎለት መምጣት ያልቻለ ካህን ላይ መቀየም ተገቢ አይደለም።

ዝግጅቱ ከሁለት ሰዓት አይበልጥ። በጸሎት ጀምሩ፦ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ቀጥሎ አቡነ ዘበሰማያት። ከዚያ የቅዱሱ ድርሳን ወይም ገድል፣ ወይም ተአምረ ማርያም ይነበብ፤ አንድ ምዕራፍ በእርጋታ ቢነበብ ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ያህል በተነበበው ላይ መነጋገር ነው፤ ወጣቶቹ መምጣት የሚተዉት ይህ ሲታለፍ ነው። ጥያቄያቸው ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ስደት፣ ወይም በቲክቶክ ስለሰሙት ስብከት ሊሆን ይችላል። መልሱን የማታውቁት ከሆነ "ለካህኑ እንጠይቅ" ብላችሁ ጻፉትና በሚቀጥለው ወር መልሱን ይዛችሁ ቅረቡ። ስልኮች በር አጠገብ ባለ ቅርጫት ይቀመጡ፤ የሚያስታምም ሰው ብቻ ከጎኑ ይያዝ።

ማጀት ውስጥ ያለችውን ልጅ እንዳትረሱ። ከንጋት ጀምራ ሽንኩርት የከተፈችው የቤት ሠራተኛ ጸሎቱ ሲደርስ በር ሥር ቆማ የምትሰማ ከሆነ ማኅበሩ ጎድሎታል። ከሁሉ እኩል ትቀመጥ፣ ከዳቦው ይቆረስላት፤ ሳህኑን በዚያ ወር ተራ የደረሳቸው ሁለት ወንዶች ይጠቡ። ይህንንም በደንቡ ጻፉት፣ በቃል ከቀረ አይፈጸምም።

ጎረቤቱ ሁሉ የእናንተ እምነት ተከታይ አይደለም። ድምፅ ማጉያ አታምጡ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከዳቦው ለግራና ለቀኙ በር ይላክ። ሙስሊሙም ጴንጤውም ጎረቤት ዳቦ ሲደርሰው የመዝሙሩን ድምፅ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 12 አባላት በወር 500 ብር ቢያዋጡ 6,000 ብር ይሆናል። ከዚህ 1,500 ለተረኛው ድጎማ፣ 3,500 ለምጽዋት፣ 1,000 ለመጠባበቂያ ይሁን። በዓመት ለምጽዋት 42,000፣ ለመጠባበቂያ 12,000 ይሰበሰባል። 500 ለከበደው አባል ሙሴው ብቻውን ጠርቶ የሚችለውን ይጠይቀው፤ የከፈለው መጠን በስብሰባ አይነበብ።

ገንዘቡ በአንድ ሰው ቴሌብር ላይ አይጠራቀም። ሰውየው ታማኝ ቢሆንም ከቤት ወጪው ጋር ይቀላቀልበታል፤ ስልኩ ቢጠፋ ደግሞ ማኅበሩ በጥርጣሬ ይታመሳል። በሦስት ሰዎች የጋራ ስም፣ ያለ ሁለት ፊርማ የማይወጣበት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። በየወሩ የገባውና የወጣው በቴሌግራም ቡድኑ ላይ ይለጠፍ፤ የተረጂው ስም ግን በፍጹም አይጻፍ። ዕቁብን ከዚህ ጋር አታጋቡ፤ የዕቁብ ዕዳ ያለበት ሰው ከጽዋውም ይሸሻል። ለቀብር ደግሞ እድር አለ።

ምጽዋቱ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት መበታተን ነው። 3,500 ብር ለሰባት ሰው 500፣ 500 ሲከፋፈል የማንንም ችግር ሳይፈታ ያልቃል። አንድ ወይም ሁለት ቤተሰብ ያዙና ዓመቱን ሙሉ አብራችሁ ቆዩ። ለመለየት ሁለት ሰው፣ ቢቻል አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ቤታቸው ይሂዱ። ጥያቄው "ምን ጎደላችሁ?" አይሁን። "በዚህ ወር ምን ቢቀልላችሁ እፎይ ትላላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው በሩን ሳይዘጋ ይነግራችኋል። መልሱ ብዙ ጊዜ እናንተ ካሰባችሁት የተለየ ነው። ዘይትና ዱቄት ይዛችሁ ሄዳችሁ ሴትየዋ የምትፈልገው ልጇን ከክሊኒክ የሚያመጣላት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው የእናንተ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሕመም ያለበት ቤት ከሆነ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ እንዳላቸው ጠይቁ። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ካልታደሰ አገልግሎቱ ይቋረጣል። እጅግ ለደኸዩ ቤተሰቦች መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ መጀመሪያ ወረዳው ዘንድ ሄዳችሁ አጣሩ፣ ካልተካተቱ እናንተ ክፈሉላቸው። በየጊዜው መድኃኒት ከመግዛት ይህ ይሻላል።

ፎቶ አይነሣ። ግራ እጅህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ የሚለው ቃል (ማቴ. 6፥3) ለፌስቡክ ዘመንም ይሠራል። ዘይት ተቀብላ በካሜራ ፊት የቆመች እናት ልጆች ያ ምስል ለዓመታት ሲዞር ያዩታል። ደግሞም ርዳታውን ለአንድ እምነት ብቻ አታድርጉት፤ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ በዚህ ጉዳይ ጥርጣሬ አያስቀርም።

ጽዋው ሲተላለፍ አትቸኩሉ። ዳቦው ተቆርሶ ከተበላ በኋላ ተረኛው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ከመሶቡ ያነሣል። የሚቀጥለው ተረኛ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆማል፣ እጅ ይነሣል፣ በሁለት እጁ ይቀበላል። ከቻላችሁ እየዘመራችሁ እስከ ቤቱ ሸኙት፤ አራተኛ ፎቅ ከሆነ ደረጃው ላይ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የተኙ ሕፃናት አሉ። ቤቱ ሲደርስ ጽዋውን ከሥዕለ አድኅኖው (ከቅዱሱ ሥዕል) አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ወሩን ሙሉ እዚያው ይቆያል።

ተቀባዩ በዚያ ሰሞን ሥራ ያጣ ከሆነ ተራውን አትዝለሉት፤ መዘለሉ ነው ሰውን የሚያሳፍረው። ሙሴው ከመጠባበቂያው ለዱቄቱና ለምስሩ የሚሆነውን ብር ከዕለቱ ሦስት ቀን ቀድሞ በእጁ ያድርስለት፤ ጽዋው በእርሱ ቤት ይወጣል።