የሜዲካል ስኩል መጠባበቂያ ዝርዝር ውስጥ ከገባችሁ ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ?

ከአሜሪካ ሜዲካል ስኩል «መጠባበቂያ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ደስ ይበል ወይስ ይከፋ ግራ ያጋባል። አልተቀበሉም፤ አልተመለሱምም። ዘመድ «እሺ፣ ገባሽ ወይስ አልገባሽም?» ሲል መልስ ይጠፋል። ታናሽ እህቴ እንዲህ ሆና ከማርች እስከ ጁን ስትጠብቅ አጠገቧ ነበርኩ። ያኔ ብናውቀው ኖሮ ብዙ እንቅልፍ የሚያተርፍልንን ነገር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዌይትሊስት (መጠባበቂያ ዝርዝሩ ማለት ነው) የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርቪው የተደረገለት ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ፋይላችሁን አይቶ፣ አነጋግሯችሁ፣ «ይህ ሰው እዚህ መማር ይችላል» ብሏል። የጠፋው ወንበር ነው። በ2023 ወደ 52 ሺህ ሰው አመልክቶ በዚያው ዓመት ትምህርት የጀመረው ወደ 23 ሺህ ነው። በዚህ መሐል ጎበዝ ሆኖ ደጅ የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

ዝርዝሩ መቼና ለምን ይንቀሳቀሳል?

አንድ አመልካች አራት ትምህርት ቤት ቢቀበሉት አራት ወንበር ይይዛል። የሚቀመጠው ግን አንዱ ላይ ብቻ ነው። ሦስቱን ሲለቅ ሦስት ትምህርት ቤቶች ወደ መጠባበቂያ ዝርዝራቸው ይመለሳሉ። እናንተን የሚያስገባችሁ ይህ የሌላ ሰው ውሳኔ ነው።

ውሳኔው ደግሞ ቀን አለው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ትምህርት ቤቶች እስከ ማርች 15 ቢያንስ የክፍላቸውን ቁጥር ያህል ሰው ተቀብለው መጨረስ አለባቸው። ከሦስት በላይ ቦታ የተቀበሉት አመልካች እስከ ኤፕሪል 15 ወደ ሦስት ይቀንሳል። እስከ ኤፕሪል 30 ደግሞ አንዱን ይመርጣል። ስለዚህ ትልቁ እንቅስቃሴ ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ በሜይና በጁን ነው። ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ የሚደወልለትም አለ። በማርች ስልካችሁ ስላልጮኸ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም።

ይህ አምካስ በሚባለው የማመልከቻ ሥርዓት በኩል ላመለከቱ ነው። ቴክሳስ የራሷ ሥርዓት አላት፤ ዲኦ የሚባለውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። እዚያ ያመለከታችሁ የእነሱን ቀን ተከተሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝርዝሩ ሁልጊዜ እንደ ዳቦ ሰልፍ አይደለም። ቁጥር የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በደረጃ በደረጃ የሚከፍሉ አሉ፤ ምንም ቅደም ተከተል የሌላቸውም አሉ። እነዚህኞቹ ወንበር ሲለቀቅ የክፍሉን ስብጥር አይተው ነው የሚመርጡት። የስቴት ትምህርት ቤት ከሆነ የስቴቱ ነዋሪ መሆን አለመሆናችሁ ሊታይ ይችላል። «ስንተኛ ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ አንዳንዴ መልስ የማይኖረው ለዚህ ነው።

ኢሜይሉን እንደገና አንብቡት

የመጀመሪያው ቀን በስሜት ያልፋል። በማግስቱ ቁጭ ብላችሁ ቃል በቃል አንብቡት። ሦስት ነገር ፈልጉ። ዝርዝሩ ላይ መቆየት እንደምትፈልጉ ማረጋገጥ አለባችሁ? አንዳንዱ ትምህርት ቤት ፖርታሉ (የአመልካቾች ድረ ገጹ) ላይ እስከተወሰነ ቀን ካልመለሳችሁ ያወጣችኋል። አዲስ መረጃ ይቀበላሉ? የሚቀበሉ ከሆነ በኢሜይል ነው ወይስ በፖርታል?

«ምንም ተጨማሪ ነገር አትላኩ» ካሉ አትላኩ። እውነቴን ነው። «የእኔ ደብዳቤ ግን ይለያል» ብሎ መላክ፣ መመሪያ የማይከተል ሐኪም ልሆን ነው ብሎ እንደ መናገር ነው።

ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ ወደ አድሚሽን ቢሮ አንድ አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ ወይም አንዴ ደውሉ። የምትደውሉት እናንተ ናችሁ። እናት፣ አባት፣ «እኔ አሳምናቸዋለሁ» የሚል አጎት አይደውል። ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይጎዳል። ስልኩን ለምታነሳው ሠራተኛም ጥሩ ሰው ሁኑ። ጨዋነትም ብልግናም ወደ ኮሚቴው ሊደርስ ይችላል።

አዲስ ነገር አለኝ?

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። ካመለከታችሁ ወዲህ ምን ተለወጠ? የአዲሱ ሴሚስተር ውጤት፣ አዲስ ሥራ፣ የታተመ ወይም ለኅትመት ተቀባይነት ያገኘ የምርምር ጽሑፍ፣ በክሊኒክ ውስጥ የጨመረ ኃላፊነት፤ እነዚህ ይቆጠራሉ። በማመልከቻው ላይ የነበረውን ነገር በሌላ ቃል መድገም አይቆጠርም።

ምንም አዲስ ነገር ከሌለ ገና ጊዜ አለ። ኤምካትን፣ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናውን፣ እንደገና ልፈተን የሚለው ሐሳብ ግን ቆም ተብሎ ይታሰብበት። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ሊያንስም ይችላል። ትምህርት ቤቱ ራሱ «ድክመትህ ይሄ ነው» ካላላችሁ፣ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈልጋችሁ ካልሆነ፣ ለዌይትሊስት ብላችሁ አትፈተኑ።

ደብዳቤው

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ሦስት ዓይነት ደብዳቤ አለ። አንደኛው አዲስ ነገር ማሳወቂያ ነው፤ ለሚቀበሉ ሁሉ ይላካል። ሁለተኛው «አሁንም ፍላጎቴ ጽኑ ነው» የሚል ነው፤ ይህም ለብዙ ትምህርት ቤት ሊላክ ይችላል። ሦስተኛው ሌተር ኦፍ ኢንተንት የሚባለው ነው። «ከተቀበላችሁኝ በእርግጥ እመጣለሁ» ይላል። ይህ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ለአንድ ብቻ! በሕግ አያስርም፤ ቃላችሁ ግን ነው። ለሦስት ትምህርት ቤት «የመጀመሪያ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱን ዋሽቷል። የአድሚሽን ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ከዚያ በላይ ግን፣ ታማሚ ሊያምነው የሚገባ ሰው በውሸት መጀመር የለበትም።

የትኛው እንደሚሻላችሁ ካልወሰናችሁ ሁለተኛውን ዓይነት ጻፉ። ምንም ነውር የለውም።

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡን ግን በአማርኛ ላሳያችሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ይጀምራል፦

«ትምህርት ቤታችሁ በምርምርም በሕክምናም የታወቀ በመሆኑ፣ እዚያ መማር ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር።»

ይህን ዓረፍተ ነገር የትምህርት ቤቱን ስም ቀይራችሁ ለሃያ ቦታ መላክ ትችላላችሁ። አንባቢውም ያውቀዋል። አሁን ይህን እዩት፦

«በኢንተርቪው ቀን ተማሪዎቻችሁ ስለሚመሩት ነፃ ክሊኒክ ነግረውኝ ነበር። ከጃንዋሪ ጀምሮ በአንድ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ በአስተርጓሚነት እየሠራሁ ነው። መድኃኒታቸውን ያቋረጡ የስኳር ታማሚዎች አያለሁ። ብዙዎቹ የሐኪሙን ምክር ገብቷቸዋል፤ ያጡት በሳምንቱ ደውሎ ‹እንዴት ሆኑ?› የሚላቸው ሰው ነው። ክሊኒካችሁ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከተቀበላችሁኝ እመጣለሁ።»

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሁለተኛው የትኛው ትምህርት ቤት፣ ምን አየሁ፣ ምን አዲስ ነገር አለ፣ ምን እወስናለሁ የሚሉትን ሁሉ በጥቂት መስመር ይመልሳል። ልመና የለበትም። «ቤተሰቤ ተስፋው እኔ ነኝ» የለበትም። ሌሎቹን አመልካቾች ዝቅ አያደርግም።

መቼ ይላክ? አዲሱን ነገር ዌይትሊስት መግባታችሁን ባወቃችሁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ላኩ። ኢንተንቱን ኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ፣ ወንበሮቹ መለቀቅ ሲጀምሩ። ከዚያ በኋላ በጁን አጋማሽ ሁለት ሦስት መስመር የማስታወሻ ኢሜይል ይበቃል። በየሳምንቱ መጻፍ አያስታውስም፤ ያሰለቻል።

ከመላካችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። የአንዱን ደብዳቤ ለሌላው መላክ የሚመስለውን ያህል ብርቅ ስህተት አይደለም። ተጨማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ከፈቀዱ ደግሞ፣ ከዚህ በፊት ያልተነገረ ነገር የሚያውቅላችሁን ሰው ጠይቁ። ዝነኛ ስለሆነ ብቻ አትጠይቁት።

የያዛችሁትን አትልቀቁ

ሌላ ትምህርት ቤት ተቀብሏችሁ፣ ልባችሁ ግን ዌይትሊስት ያደረጋችሁ ጋ ሊሆን ይችላል። የተቀበላችሁን ቦታ ያዙ። በአምካስ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ «ለመግባት አስባለሁ» የሚለው ነው፤ እሱን መርጣችሁ በሌሎች መጠባበቂያ ዝርዝሮች ላይ መቆየት ትችላላችሁ። ሌላው «ለመግባት ወስኛለሁ» የሚለው ነው። እሱን ስትመርጡ ከሌላው ሁሉ፣ ከመጠባበቂያ ዝርዝርም ጭምር፣ መውጣት አለባችሁ። ሁለቱን አታምታቱ። ሁለተኛውን መቼ እንደሚጠይቅ ትምህርት ቤቱ ያሳውቃችኋል፤ ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉት።

ሲደውሉ ያግኟችሁ

ትንሽ ነገር ትመስላለች። እህቴን ግን በዚህ ምክንያት ዕድሉ ሊያመልጣት ነበር። የቮይስሜይል ሳጥኗ ሞልቶ መልእክት አልቀበል ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በማግስቱ ደግመው ደወሉ።

ቮይስሜይላችሁን አጽዱ። የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሡ። የስፓም ሳጥኑን በየቀኑ ክፈቱ። በኮሌጅ ኢሜይል አመልክታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል አምካስ ላይም ትምህርት ቤቱ ጋም በግል አድራሻችሁ ቀይሩት። አገር አቋርጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ በየትኛው ስልክ እንደምትገኙ ለአድሚሽን ቢሮ አሳውቁ።

ዝግጁ መሆን ያለበት ወረቀትም አለ። የክትባት ማስረጃ፣ የመጨረሻ ትራንስክሪፕት፣ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ)። ፋፍሳ ላይ ዌይትሊስት ያደረጋችሁን ትምህርት ቤት አሁኑኑ ጨምሩት፤ በጁላይ ተቀብለዋችሁ የገንዘቡ ጉዳይ ከዜሮ እንዳይጀመር። የብድሩ ሕግም ተለውጧል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር የለም፤ ሜዲካል ተማሪ በፌዴራል ብድር የሚያገኘው በዓመት እስከ 50 ሺህ፣ በጠቅላላው እስከ 200 ሺህ ዶላር ነው። ወጪው ከዚያ ካለፈ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ስልኩ ከመጮሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት። የቤት ኪራይ ውል የምታድሱ ከሆነ በወር በወር የሚሆን ካለ እሱን ምረጡ።

ጎን ለጎን ለሚቀጥለው ዓመት ተዘጋጁ

ይህን ክፍል መጻፍ ያሳዝነኛል፤ ግን መዝለል አልችልም። ሌላ ቦታ ያልተቀበላችሁ ከሆነ፣ አዲሱ የአምካስ ማመልከቻ የሚከፈተው በሜይ መጀመሪያ ነው፤ ማስገባት የሚጀመረው ደግሞ ሜይ ሲያልቅ አካባቢ። ማለትም ዝርዝሩ ገና እየተንቀሳቀሰ ሳለ። ቶሎ ማስገባት እዚህ ትልቅ ጥቅም አለው። ስለዚህ የግል ድርሰቱን እንደ አዲስ ጻፉ። «ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን አሻሻልክ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አዘጋጁ፤ ብዙ ትምህርት ቤት እንደገና ያመለከተን ሰው ይህን ይጠይቃል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የሜዲካል ኮሌጆች ማኅበሩን የማመልከቻ ክፍያ ድጋፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዌይትሊስቱ ካስገባችሁ አዲሱን ማመልከቻ ትተዉታላችሁ።

የተደወለ ቀን

አልቅሱ፤ ይፈቀዳል። ከዚያ ብዕር አንሡ። መልስ የሚፈልጉት እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ከኤፕሪል 30 በኋላ የማኅበሩ መመሪያ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን እንዲሰጥ ይላል፤ ትምህርት ሊጀመር ከ30 ቀን በታች ሲቀር ግን ወደ 2 የሥራ ቀን ይወርዳል። ስለ ገንዘብ ድጋፍ፣ ስለ ዴፖዚትና ስለ ኦሪየንቴሽን ቀን ጠይቁ። የተባለውን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ለምኗቸው።

«እሺ» ካላችሁ በዚያው ቀን የቀድሞውን ትምህርት ቤት በጽሑፍ ልቀቁ። ከሌሎቹ መጠባበቂያ ዝርዝሮችም ውጡ። የለቀቃችሁትን ወንበር ስልኩን በእጁ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ።