የሳምንቱን እራት አስቀድሞ ማቀድ፦ ከጓዳው እስከ ድስቱ

«ዛሬ ምን ይብሰል?» የሚለው ጥያቄ የሚከብደው በሚመጣበት ሰዓት ምክንያት ነው። መሽቷል፣ ሁሉም ርቦታል፣ ቦሎቄው አልተዘፈዘፈም፣ ዶሮው ፍሪዘር ውስጥ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በዚያ ሰዓት የሚገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ወይ ከውጭ የሚገዛ ነው ወይ የትናንቱ ድግግሞሽ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቆስጣ ደግሞ አንድ ቀን ተጨማሪ ይጠወልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ ከሸማቹ አካባቢ የተጣለው ምግብ የማይበላውን ክፍል ጨምሮ 1.05 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ 60 በመቶው የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ማቀድ ይጠቅማል፤ ግን በልኩ። ለሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ተብሎ የተሞላ ሠንጠረዥ ሁለተኛውን ሳምንት አይሻገርም። አምስት እራት ብቻ ያቅዱ። ቁርስ በአብዛኛው ቤት ሁለት ሦስት ዓይነት ስለሆነ ዕቃው አለመጉደሉን ማየት ይበቃል፤ ምሳም ከእራቱ በሚተርፈው ሊሸፈን ይችላል። ከቀሩት ሁለት ምሽቶች አንዱን ለተረፈ ምግብ ይተዉት፣ ሌላውን ባዶ ያድርጉት። እንግዳ ይመጣል፣ ሥራ ያመሻል፣ ልጅ ይታመማል፤ ባዶው ቀን የተቀመጠው ለዚህ ነው።

1. ያለውን መቁጠር

አስቤዛ ከመውጣትዎ በፊት ፍሪጁን፣ ፍሪዘሩንና መደርደሪያውን ይክፈቱ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ያገኙትን በሦስት ይክፈሉ፦ በሁለት ቀን ውስጥ መበላት ያለበት፣ ሳምንቱን የሚቆይ፣ ወራት የሚቀመጥ ደረቅ ነገር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እራቶች ከመጀመሪያው ክፍል ይወለዱ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያማረውን ምግብ መርጦ ዕቃውን ይገዛል፤ አሮጌው ከኋላ ተገፍቶ የሚበላሸው ያኔ ነው።

2. ምሽቶቹን መመዘን

በአንድ ወረቀት ላይ ቀኖቹን ደርድረው ከእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ ስንት ሰው ይበላል፣ ለማብሰል ስንት ደቂቃ አለ። ይህን እርምጃ የዘለለ እቅድ ወረቀት ላይ አምሮ ወጥ ቤት ሲገባ ይፈርሳል። 20 ደቂቃ ብቻ ባለበት ምሽት እንቁላል፣ ፓስታ ወይም ቀድሞ የተቀቀለ ምስር ይግባ፤ ረጅም እሳት የሚፈልገው ነገር ሰፊ ጊዜ ወዳለበት ቀን ይሂድ። አዲስ የምግብ ዓይነት በሳምንት ከአንድ አይብለጥ፤ የማያውቁት አሠራር ከተጻፈለት ጊዜ በላይ ይወስዳል።

3. ቅደም ተከተሉን በሚበላሽበት ፍጥነት መወሰን

የእቅዱ ልብ እዚህ ነው። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሚሠራ ፍሪጅ ውስጥ ጥሬ ዓሣ፣ ዶሮና የተፈጨ ሥጋ የሚቆዩት ከ1 እስከ 2 ቀን ብቻ ነው። ያልተፈጨ የበሬ ሥጋ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ሰላጣና ቆስጣም ቶሎ ይጠወልጋሉ። እንቁላል ግን ሳምንታት፣ ጥቅል ጎመንና ካሮት ከሳምንት በላይ ይዘልቃሉ።

እንግዲህ በገዙ ማግስት ዓሣ ወይም ዶሮ ከቅጠላ ቅጠል ጋር፣ መሀል ላይ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ መጨረሻ ላይ ቦሎቄ፣ ምስር፣ ፓስታና ጥቅል ጎመን ይምጣ። ዶሮው ለሳምንቱ መጨረሻ ከተፈለገ በገዙበት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይግባ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ «አይበላሽ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። የሚቀልጥበትንም ሰዓት እቅዱ ላይ ይጻፉት፤ በብዛት የሚረሳው ይህ ነው። ሁለት ኪሎ የሚሆን የበረደ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ለመቅለጥ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ውሃው ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ በጎድጓዳ ሳህን አድርገው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያኑሩት። ጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ መጥፎ ልማድ ነው፦ መሀሉ ገና በረዶ ሳለ ላዩ ባክቴሪያ ወደሚራባበት ሙቀት ይደርሳል።

ፍሪጅ ከሌለ እቅዱ ይቀየራል እንጂ አይቀርም። ደረቁን ለሳምንት፣ አትክልቱን ለሁለት ቀን፣ ሥጋውን ለሚበስልበት ቀን ብቻ ይግዙ።

4. መጠኑን መስፈር

ለአንድ አዋቂ ሰው ደረቅ ሩዝ 75 ግራም፣ ደረቅ ፓስታ ከ80 እስከ 100 ግራም፣ ደረቅ ምስር 60 ግራም አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ለአራት ሰው ሩዙ 300 ግራም ይሆናል። ሩዝ ሲበስል ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ 500 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ደግሞ ተቀቅሎ 1.2 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ይህን ካወቁ አንዱን ቅቅል ለሁለት ምሽት ማዋል ቀላል ነው፦ ግማሹ በቲማቲምና በሽንኩርት ስጎ፣ ሌላው ግማሽ ከሁለት ቀን በኋላ በሾርባ። ሁለት ምሽት ተከታትሎ አንድ ዓይነት ማቅረብ ግን ቤተሰቡን ያሰለቻል፤ በመካከላቸው ሌላ ምግብ ያስገቡ።

ቦሎቄ ሲነሳ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ማታ ተዘፍዝፎ ይደር፣ የዘፈዘፉበት ውሃ ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ እየተንተከተከ ይፍላ። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው፤ በዝግታ ብቻ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ሙቀቱ ስለማይበቃ አያጠፋውም። ቲማቲሙ የሚገባው ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣነቱ ፍሬውን አድርቆ ለሰዓታት እሳት ላይ ያስቀምጠዋል።

5. የአስቤዛ ዝርዝር

ከሚያስፈልገው ላይ ያለውን ቀንሰው የሚቀረውን ከነመጠኑ ይጻፉ። «ቲማቲም» ብሎ መጻፍና «ቲማቲም 8» ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም፤ መጀመሪያው ግማሹ እስኪበሰብስ ያስገዛል። ቶሎ የሚበላሽ ነገር በሳምንቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማለቂያ ከሌለው አይግዙት። አንድ እስር ጎመን ለአንድ ምሽት ከበዛ ቀሪው በየትኛው ቀን እንደሚገባ ወረቀቱ ላይ ይኑር።

6. የአንድ ሰዓት ዝግጅት

ሁሉንም ምግብ በአንድ ቀን አብስሎ ሳምንቱን መብላት ብዙ ሰው የሚመክረው ነገር ነው፤ እኛ አንመክረውም። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። እሑድ የበሰለ ቢበዛ እስከ ሐሙስ ነው፤ ከዚያ የሚያልፈው ገና ከጅምሩ ፍሪዘር ውስጥ መግባት አለበት። ከማብሰል ይልቅ አድካሚውን ሥራ ያቃልሉ፦ ሽንኩርት ላጥ ከተፍ አድርገው በሚገጥም ዕቃ ይክደኑ፣ ቅጠሉን አጥበው ውሃውን በደንብ አጠንፍፈው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ለሁለት ምሽት የሚሆን ስጎ ይሥሩ፣ ቦሎቄውን ይቀቅሉ። ድንችና ቲማቲም አይክተፉ፤ ድንቹ ይጠቁራል፣ ቲማቲሙ ውሃ ይሆናል።

ትኩስ ምግብ በትልቅ ድስት እንዳለ ከተቀመጠ መሀሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ከ5 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ዝርግ ዕቃዎች ውስጥ ይገልብጡትና በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። ክዳኑ ላይ ቀኑን ይጻፉ። ሩዝ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ውስጡ ያለ አንድ ባክቴሪያ ዘሩ ከፈላ ውሃ ይተርፋል፣ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ ተራብቶ የሚያስታውክ መርዝ ይሠራል፣ ይህም መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዘው ፍሪጅ ያስገቡት፣ በማግሥቱም ይጨርሱት። ለሳምንት የሚሆን ሩዝ በአንድ ጊዜ አይቀቀልም።

እቅዱ ሲዛነፍ

መዛነፉ አይቀርም። ማክሰኞ የታቀደው ካልበሰለ ሙሉውን ሳምንት አንድ አንድ ቀን አይግፉት፤ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚበላሽ አይተው እሱን ወደ ረቡዕ ያምጡ፣ ረቡዕ የነበረው ምስር ደግሞ መደርደሪያው ላይ ይጠብቅ። ለዚህ ሲባል ሁልጊዜ በ20 ደቂቃ የሚደርስ የአንድ እራት ደረቅ ዕቃ በቤት ይኑር፤ ከተጠቀሙበት በሚቀጥለው አስቤዛ ይተኩት።

ሌላው ብልሽት እቅዱን አንድ ሰው ብቻውን ሲይዘው የሚመጣ ነው። ሌሎቹ አያውቁትም፣ ስለዚህ ለሐሙስ የተቀመጠውን እንቁላል ሰኞ ይጨርሱታል። ወረቀቱ የፍሪጁ በር ላይ ይለጠፍ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ምሽት ይምረጥ፣ ለእራት የተያዘ ነገር ላይም ምልክት ይደረግበት።

ሳምንቱ ሲያልቅ እዚያው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ የትኛው እራት ሳይበስል ቀረ፣ ምን ተጣለ። ወረቀቶቹን ያኑሩ። አራት ሳምንት ሲሞላ ከሃያዎቹ እራቶች የሚጣሉትን አውጥተው የቀሩትን እንደገና ማዞር ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሥራ ጓዳውን መቁጠርና የአስቤዛውን ዝርዝር ማስተካከል ነው።