ባውንሲ ካስል ስትከራዩ ልጆችን ከአደጋ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ባውንሲ ካስል፣ ማለትም በአየር ተነፍቶ የሚቆመው የልጆች መዝለያ፣ የሚያዘናጋን ለስላሳ ስለሆነ ነው። ልጆቹን እናስገባና "እዚያ ውስጥ ምን ይሆናሉ?" ብለን ወደ እንግዶቻችን እንመለሳለን። ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በአማካይ በየቀኑ 31 ልጆች በእነዚህ መዝለያዎች ላይ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ከጉዳቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስብራትና ወለምታ ነበር።

በቤተሰባችን ድግስ ሲኖር መዝለያውን መከራየትና መቆጣጠር የእኔ ሥራ ነው። ከአከራዮች ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። አንዳንዱን ነገር ደግሞ የተማርኩት ልጅ ሲጎዳ አይቼ ነው። እናንተ እንደዚያ እንዳትማሩት ብዬ ነው የምጽፈው።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

ስትደውሉ ዋጋውንና ቀለሙን ብቻ ጠይቃችሁ ስልኩን አትዝጉ። ካስሉ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በባለሙያ መመርመሩን ጠይቁ። ወረቀት ካለው ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። በደንብ የተሠራ ካስል ላይ የአምራቹ ጽሑፍ አይጠፋም። ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ እስከ ምን ያህል ቁመት ያለው ልጅ እንደሚገባበት፣ ስንት ቦታ ላይ እንደሚታሰርና እስከ ምን ያህል ንፋስ እንደሚችል ይናገራል። "ጽሑፉ ተልጧል፣ ግን እኛ በልምድ እናውቀዋለን" የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጥያቄ ደግሞ ይኸው፦ ንፋስ ከመጣ ገንዘቡ እንዴት ይሆናል? አስቀድማችሁ ተስማሙ። ካልተስማማችሁ፣ በዕለቱ ንፋስ ሲነሳ አከራዩ ገንዘብ ላለመመለስ፣ እናንተም የከፈላችሁት እንዳይባክን "እስቲ ትንሽ እንይ" ማለታችሁ አይቀርም። አደገኛዋ ያቺ "ትንሽ እንይ" ናት።

ቦታውን አዘጋጁ

ለጥ ያለ ሣር ካለ እሱን ምረጡ። ድንጋይ፣ የጠርሙስ ስባሪና ሚስማር ልቀሙ። ካስሉ ከአጥርና ከግንብ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ በመግቢያው በኩል ከዚያም በላይ። ቀና ብላችሁም እዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ቅርንጫፍ ካለ ቦታው አይሆንም። መግቢያው ላይ ለዚሁ የተሠራው ስስ ምንጣፍ ይነጠፍ። የቤት ፍራሽ አታንጥፉ፤ ልጆች ሌላ መዝለያ ያደርጉታል፣ ጠርዙም ቁርጭምጭሚት ያጥፋል።

ካስማና ገመድ

ከዚህ ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ካስሉ ተጠቅልሎ ሲመጣ ከባድ ነው። ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ እንኳ ያለከልካል። ሲነፋ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ክብደቱ ያው ሆኖ ግድግዳው ይሰፋል፣ ከፍታም ያወጣል። ንፋስ ከሥሩ ከገባ እንደተዘረጋ ጥላ ይዞት ይነሳል። የንፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋው ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል። "ቅድምም ንፋስ ነበር፣ ምንም አልሆነም" ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው። የልጆቹ ክብደትም መሬት ላይ አይዘውም። ምድር ላይ የሚይዘው ካስማና ገመድ ብቻ ነው።

አንድ ልደት ላይ ካስሉን ያመጣው ልጅ አራቱን ማዕዘን ብቻ አስሮ ሊሄድ ሲል ደረስኩ። በጎንና በጎን ያሉት ቀለበቶች ባዷቸውን ተንጠልጥለዋል። ለምን እንዳላሰራቸው ጠየቅኩት። "ይሄ እኮ ከባድ ነው፤ የት ይሄዳል?" አለኝ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ካስማ በሁለት ጣት ሳብኩት። ምንም ሳይታገለኝ ከእርጥቡ አፈር ወጣ። ቀጭን የድንኳን ካስማ ነበር፤ የያዘው ጭቃ የጣቴን ርዝመት እንኳ አይሞላም። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። "ቆይ፣ ማንም አይገባም" ብዬ ትክክለኛው ካስማ እስኪመጣ አስጠበቅኳቸው። አንዳንዱ ወላጅ ቅር ብሎት ነበር። ይበለው።

እናንተም ልጅ ከመግባቱ በፊት ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቀለበቶቹን ቁጠሩ፤ ቀለበት ያለበት ቦታ ሁሉ መታሰር አለበት። የአውሮፓው የመዝለያ ደህንነት ደረጃ ኢኤን 14960 ከ6 ያነሰ ማሰሪያ አይፈቅድም፤ ትልልቆቹ ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው ካስማ ብረት ነው፤ ርዝመቱ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ጭንቅላቱም ሰው እንዳይወጋ የተድበለበለ። ካስማው ቀጥ ብሎ አይተከልም። ጭንቅላቱ ከካስሉ ወደ ውጭ እንዲያጋድል ሆኖ፣ ቀለበቱ መሬት እስኪጠጋ ድረስ በመዶሻ ይመታል። ግማሹ ውጭ የቀረ ካስማ በቀላሉ ይነቀላል፣ የሚሮጥ ልጅም ያደናቅፋል። ገመዱን በእጃችሁ ሳቡት። ላላ ካለ ይጥበቅ፤ ጫፉ የተበጣጠሰ ወይም በቋጠሮ የተቀጠለ ከሆነ ይቀየር።

ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ላይ ካስማ አይሠራም፤ ክብደት ያስፈልጋል። ብዙ አከራይ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ደረጃ እያንዳንዱ ማሰሪያ 1,600 ኒውተን መቋቋም አለበት። ወደ ኪሎ ስትመነዝሩት በአንድ ማሰሪያ ወደ 163 ኪሎ ይጠጋል። በየማዕዘኑ የተቀመጠች አንዲት የአሸዋ ከረጢት ለይስሙላ ናት። የጠረጴዛ እግር፣ የቆመ ሞተር ሳይክል ወይም የአጥር ቆርቆሮ ላይ ማሰርም አያዋጣም። ተገቢው ክብደት ካልመጣ ካስሉ አይነፋ። በዚህ ላይ ይሉኝታ አይግባችሁ።

ንፋሱን ተከታተሉ

ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የንፋስ ፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ነው። አምራቹ ከዚያ ያነሰ ከጻፈ የእሱን ተከተሉ። በእጅ የሚያዝ የንፋስ መለኪያ ያለው አከራይ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። የስልክ አፕ ግን የሚነግራችሁ ስለ አካባቢው ነው፤ ግቢያችሁ ውስጥ በሁለት ሕንፃ መሃል ተጨምቆ የሚመጣውን ንፋስ አያውቅም።

መለኪያ ከሌለ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። አቧራና ወረቀት መነሳት ሲጀምር ልጆቹን አስወጡና ጠብቁ። ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ከጀመሩ ወደ ጣሪያው ደርሳችኋል፤ በዚያ ሰዓት ካስሉ ራሱ ተንፍሶ መተኛት አለበት። ባዶውን ተነፍቶ የቆመ ካስልም ተነስቶ ውጭ ያለ ሰው ላይ ይወድቃል።

ይህ የተጋነነ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዟ ሃርሎ ከተማ ንፋስ አንድ ካስል ነቅሎ ውስጡ የነበረች የ7 ዓመት ልጅ ሞታለች። ሁለቱ ኃላፊዎች ካስሉን በሚገባ ባለማሰራቸውና የአየሩን ሁኔታ ባለመከታተላቸው ጥፋተኛ ተብለው ታስረዋል። በዲሴምበር 2021 ደግሞ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ፣ ዴቨንፖርት ከተማ፣ የትምህርት መዝጊያ በዓል ላይ ድንገተኛ አውሎ ንፋስ ካስል አንስቶ ስድስት ልጆች ሞተዋል። እንዲህ ያለው የአቧራ አውሎ ፀሐያማ ቀንም ላይ ይነሳል። ስለዚህ ጠዋት ሰማዩን አይታችሁ የምትተዉት ነገር አይደለም።

ኤሌክትሪኩና ብሎወሩ

ካስሉን በአየር የሚነፋው ማሽን፣ ብሎወሩ፣ ልጆቹ እስከሚወጡ ድረስ አይጠፋም። ከካስሉ ግድግዳ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይራቅ፤ ልጆች እንዳይደርሱበትም ይከለል። ኤክስቴንሽኑ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ብዙ ኃይል የሚያሳልፍ ገመድ ይግላል። መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ሶኬቱ ላይ "አትንኩ" የሚል ወረቀት ለጥፉ፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ የሚነቅል እንግዳ አይጠፋም።

መብራት ድንገት ከጠፋ ካስሉ ወዲያው አይወድቅም፤ መተንፈስ ይጀምራል። ያቺን ጊዜ ተጠቀሙባት። አንድ ሰው መግቢያው ላይ ቆሞ የሚወድቀውን ክፍል በእጁ ይደግፍ፣ ሌላው ገብቶ ትንንሾቹን አስቀድሞ ያውጣ። ከዚያ ልጆቹን ቁጠሩ። ግድግዳው ሥር የተሸፈነ ሕፃን ድምፁ ላይሰማ ይችላል። መብራት ሲመለስ ደግሞ ካስሉ ጠንክሮ እስኪቆም ማንም አይግባ። በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ፣ ልጆች ውስጥ እያሉ ነዳጅ መጨመር አይቻልም። ጭሱም ወደ ብሎወሩ በማይነፍስበት በኩል ይሁን።

ማን ከማን ጋር ይግባ?

ካስማው ደህና ከሆነ ቀጣዩ አደጋ ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። ትልቅ ልጅ ሲያርፍ ወለሉ ይሰምጣል፣ አጠገቡ የቆመው ትንሽ ልጅ ደግሞ ሳይዘል ይወረወራል። የእህቴ ልጅ ክንዷን የተሰበረችው እንዲህ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቆማ ትስቃለች። የ11 ዓመት ልጅ አጠገቧ አረፈ። ወደ ላይ ተነስታ ስትወርድ እጇን ዘረጋች፣ እሱም በሁለተኛው ዝላይ ክንዷ ላይ አረፈ። ማንም ያጠፋ ልጅ የለም። አብረው መግባት አልነበረባቸውም፣ በቃ።

ስለዚህ በመጠን ክፈሏቸው፤ ከዕድሜ ይልቅ ቁመናቸውን ተመልከቱ። ትንንሾቹ ለብቻ፣ ትልልቆቹ ለብቻ፣ በተራ በየ10 ደቂቃው። ተራ መጠበቁ ሲያስለቅሳቸው "እስቲ አብረው ይግቡ፣ ይጠንቀቁላቸዋል" የሚል አዋቂ አይጠፋም። እሺ አትበሉት። በአምራቹ ከተጻፈው ቁጥር በላይም አታስገቡ። እኔ እንዲያውም ከተጻፈው ሁለት ልጅ እቀንሳለሁ፤ ሰፋ ሲል ግጭቱ በግልጽ ይቀንሳል። አዋቂ ከልጆች ጋር ገብቶ አይዝለል፣ አባትም ቢሆን።

መግቢያው ላይ ቅርጫት አስቀምጡ። ጫማ፣ መነጽር፣ የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር መርፌ፣ ቁልፍ እዚያ ይቀመጥ። አፍ ውስጥ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ይዞ መግባት የለም፤ ሲዘሉ ያንቃል። መገለባበጥ፣ ግድግዳ ላይ መውጣትና መታገል ክልክል ነው። የሚወጡት ቁጭ ብለው እየተንሸራተቱ እንጂ ዘለው አይደለም።

ፀሐይ ሲበረታ መዳፋችሁን ወለሉ ላይ አሳርፉ። ለእናንተ ካቃጠላችሁ ለባዶ እግር አይሆንም። ውስጡም ይታፈናል፤ ውጭ እያወጣችሁ ውኃ አጠጧቸው። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ በፎጣ ሳይደርቅ አይገባበትም፣ ያንሸራትታል።

ተረኛ ጠባቂ መድቡ

"ሁላችንም እናያቸዋለን" ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። በስም መድቡ፤ "ከ8 ሰዓት እስከ 8 ተኩል አንተ፣ ከዚያ እሷ" በሉ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ዓይን ይደክማል። ተረኛው መግቢያው ላይ ይቁም፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይሁን፣ ሳህን አይያዝ። ፊሽካ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ በሙዚቃ መሃል የሰው ድምፅ አይሰማም። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ቁጭ እንደሚል ለልጆቹ ከመግባታቸው በፊት አሳዩአቸው፣ አንዴ አብራችሁ ሞክሩት። ይወዱታል። ተረኛው በየተራው ሲቀያየር ካስማዎቹንና ገመዶቹን አንድ ዙር ዞሮ ይያቸው፤ በዝላዩ ብዛት ይላላሉ።

አከራዩ የራሱን ሰው ቢልክም ተረኛችሁን አትተዉ። የመጣው ሰው ልጆቻችሁን አያውቃቸውም፤ ማን አስም እንዳለበት፣ ማን ግፊያ እንደሚወድ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

ልጅ በአንገቱ ወይም በጭንቅላቱ ከወደቀና አንገቱን ካመመው፣ እግሩ ከደነዘዘው ወይም ከፈዘዘ አታንሱት። ሌሎቹን ቀስ ብላችሁ አስወጡ፣ ወለሉ እንዳይናጥ። ብሎወሩን አታጥፉ። ራሱን እንዳያንቀሳቅስ እያባበላችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ሲያልቅ

ካስሉ ሲተነፍስ ልጆች ሊጋደሙበት ይሮጣሉ። አንድ ሰው ራቅ አድርጎ ይያዛቸው። አከራዩ ጠቅልሎ ጭኖ ከመሄዱ በፊት ካስማዎቹን ቆጥራችሁ አስረክቡ። የጎደለ ካለ ሣሩ ውስጥ ተፈልጎ ይውጣ፣ ጉድጓዱም በአፈር ይደፈን።