በሳፋ ውስጥ ዋርካ፦ ከሾላ ወገን ቦንሳይ እንዴት ይሠራል?

በድንጋይ አጥራችን ስንጥቅ ውስጥ የበቀለችውን ችግኝ ለመንቀል መሮና መዶሻ ይዤ የወጣሁት አጥሩን እንዳታፈርሰው ሰግቼ ነበር። የዛፍ ፍሬ የበላች ወፍ የጣለችው ዘር መሆኑ ነው። አፈር የለ፣ ውኃ የሚያጠጣ የለ፣ ግንዷ ግን አውራ ጣት አክሏል። ስነቅላት ሥሯ በሁለት ድንጋይ መካከል ተጨፍልቆ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ አገኘሁት። መጣሉ አሳዘነኝና ለልብስ ማጠቢያ የማይሆን አሮጌ ሳፋ ውስጥ ተከልኳት። ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት አለፈው። ዛሬ ቦንሳይ፣ ማለትም ዕቃ ውስጥ እየተገረዘ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር የተደረገ ዛፍ፣ ሆናለች፤ ቁመቷ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ይቺ ዋርካ!» ይላታል።

ዋርካ ግን አይደለችም፤ ችብሃ ናት። ምክንያቱን መጀመሪያ ላስረዳ፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ዋርካ፣ ሾላ፣ ባምባ፣ ችብሃ፣ የሚበላው በለስ፣ የጎማ ዛፍ እንዲሁም በየግቢውና በየሆቴሉ በር የሚተከለው ፋይከስ ቤንጃሚና ሁሉም የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ወገኑ በዓለም ላይ ከ750 በላይ ዝርያዎች አሉት። (እሾኻማውን ቁልቋል በለስ የሚሉ አካባቢዎች አሉ፤ እሱ ከዚህ ቤተሰብ አይገባም።) ሁሉም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈሳሉ፣ ሁሉም ሥራቸው ብርቱ ነው፤ የቅጠላቸው መጠን ግን በጣም ይለያያል። የዋርካ ቅጠል ጣቶቹ የተዘረጉ እጅ ያክላል። እንዲህ ያለ ቅጠል ክንድ በማይሞላ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ዛፉ ዛፍ አይመስልም፣ በግንድ ላይ የተሰቀለ ጎመን ይመስላል። ቅጠል በመግረዝ ያንሳል፤ ይሁንና ግማሽ ቢያንስ ነው፣ ተአምር አይሆንም። በለስ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ቅጠሉ ቢያንስ እንኳ ፍሬው አያንስም። ስለዚህ ትንሽ ቅጠል ያለውን ዘመድ ወስዶ የዋርካን ቅርጽ ማስያዝ ይሻላል። ለጀማሪ ችብሃን እመክራለሁ፤ ካልተገኘ ቤንጃሚና።

ቦንሳይ የጃፓንኛ ቃል ነው፤ «ቦን» ዝርግ ሳህን፣ «ሳይ» መትከል ማለት ነው። ጥበቡ ወደ ጃፓን የተሻገረው ከቻይና ነው። የተለየ የቦንሳይ ዘር የሚባል ነገር የለም። እኔ ሳህን ላይ ያሳደግኳት ችብሃ ነገ ሜዳ ላይ ብትተከል ግዙፍ ዛፍ ትሆናለች። ትንሽ የምትቀረው ሥሯ ስለሚገደብና ቅርንጫፏ ስለሚገረዝ ብቻ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች በብሔራዊው የዕፅዋት ማዕከል ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም ሳታዩ አትቅሩ። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲገረዝ የኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል እዚያው ከተማ የነበረና የተረፈ ጥድ አለ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ የሰጡት ነው።

ደረጃ 1፦ ችግኙ

ከአጥር ወይም ከአሮጌ ግድግዳ ላይ የሚነቅሉ ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱና ዝናብ ከዘነበ በኋላ ይሂዱ። ግንዱን ይዘው አይጎትቱ። በመሮ ዙሪያውን እየፈለቀቁ ቀጫጭን ሥሮች ሳይበጠሱ እንዲወጡ ያድርጉ፤ የሚተርፈው በእነሱ ነው። ከቅጠሉ ግማሹን ያንሱለት።

ግድግዳ ከሌለ ቅርንጫፍ ይበቃል። የጣት ውፍረትና 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ይቁረጡ፣ ከጫፉ ሁለት ቅጠል አስቀርተው ሌላውን ያንሱ፣ ወተቱ እስኪያቆም የተቆረጠውን ጫፍ ውኃ ውስጥ ያቆዩ። ከዚያ አንድ ሦስተኛውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተክለው ታቹ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይድፉበት። ጥላ ሥር ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይቆያል። አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላም ሥሩ ገና ለጋ ስለሆነ ለማየት አይነቅንቁት። እኔ ሁለት የገደልኩት በዚህ ጉጉት ነው።

ስለ ወተቱ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል፤ በተለይ የበለስ ወተት የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቆስላል። ጓንት ያድርጉ፤ የተቆረጠው ላይ ውኃ ቢረጩበት ወተቱ ቶሎ ይረጋል።

ለቸኮለ ሰው ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። የዚህ ወገን ዛፎች ቅርፊታቸው ተነካክቶ ከቆየ ይዋሃዳል። እርሳስ የሚያካክሉ ሰባት ስምንት ሥር የሰደዱ የቤንጃሚና ቅርንጫፎችን አንድ ላይ አጥብቀው በላስቲክ ቢጠመጥሟቸው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ወፍራም ግንድ ይሆናሉ። የመጋጠሚያው ሽንትር አይጠፋም፤ ግን የእውነተኛ ዋርካ ግንድም ሽንትርና ጎድጓዳ የበዛበት ስለሆነ ይልቅ ያምርበታል።

ደረጃ 2፦ አፈሩ

የጓሮ ጥቁር አፈር ብቻውን ይገድላል። ጥልቀት በሌለው ዕቃ ውስጥ ውኃ ይዞ ይቀርና ሥሩ ይበሰብሳል። ጃፓኖች አካዳማ የሚባል እንደ ጥራጥሬ የተበጣጠሰ የሸክላ አፈር አላቸው። እኛ ለመንገድና ለግንባታ የምንደፋው ቀይ አሽ አለን፤ ይህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሌላው ዓለም ለቦንሳይ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። ግንባታ ካለበት ቦታ አንድ ባልዲ ለምኖ መውሰድ ይቻላል።

በወንፊት ይንፉት። ከምስር የሚያንሰውን አቧራ ይድፉ፣ ከሽምብራ የሚበልጠውን ለሳፋው መደብ ያስቀምጡ፣ መካከለኛውን ይጠቀሙ። ከዚያ የሚወርደው ቀይ ውኃ እስኪጠራ ድረስ ይጠቡት። ሦስት እጅ ቀይ አሽ ከአንድ እጅ የበሰለና የተነፋ ብስባሽ ጋር ይቀላቅሉ። ውኃ ሲያፈሱበት ወዲያው በታች ከወጣ ልክ ነው። ሳፋውን በጋለ ሚስማር ብዙ ቦታ መብሳት እንዳይረሱ።

ደረጃ 3፦ ግንዱን ማወፈር

ሰው ሁሉ የሚሰለቸው እዚህ ነው። ትንሽዋን ችግኝ ገና ከጅምሩ ሳህን ላይ አስቀምጦ ጫፍ ጫፏን የሚከረክም ሰው ከአሥር ዓመት በኋላም የሚኖረው እርሳስ የምታህል ግንድ ነው። ግንድ የሚወፍረው በቅጠል ነው። ስለዚህ በሰፊ ሳፋ ወይም መሬት ላይ ይትከሉትና ምንም ሳይነኩ አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር እስኪደርስ ይልቀቁት። መልኩ ያስጠላል። ያስጠላ።

ሲተክሉ ከሥሩ ግርጌ የተሰበረ የሴራሚክ ንጣፍ ያንጥፉለት። ወደ ታች የሚወርደውን ዋና ሥር ቆርጠው የቀሩትን እንደ ፀሐይ ጨረር በዙሪያው ይዘርጓቸው። ወደ ታች መሄድ ያልቻለ ሥር ወደ ጎን ይወፍራል፤ ዋርካን ዋርካ የሚያሰኘው ያ መሬት የያዘ እግሩ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። በኋላ የሚታረም ነገር አይደለም።

ግርጌው የፈለጉትን ያህል ሲወፍር መጋዝ ያንሱ። ለ40 ሴንቲ ሜትር ዛፍ ግንዱን ከመሬት 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡ። እኔ ይህን ያደረግኩ ዕለት ጎረቤቴ በአጥሩ በላይ አይታ «ምነው ሦስት ዓመት አሳድገህ አረድካት?» አለችኝ። ከወር በኋላ ከራቁት ጉቶው አሥራ አንድ ቡቃያ ሲፈነዳ እሷው ነች ቆጥራ የነገረችኝ። ቤንጃሚና ግን እንዲህ አይታመንም፤ ቅጠል ያልቀረበት ቅርንጫፉ ሊደርቅ ስለሚችል ሁልጊዜ ጥቂት ቅጠል ያስቀሩለት።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ለአዲስ አበባ መጋቢትና ሚያዝያ ጥሩ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ወይም ደመና በዋጠው ሐምሌ የተቆረጠ ዛፍ ለማገገም አቅም ያጣል። ድሬዳዋ፣ አዳማ ወይም ባሕር ዳር ያለ አንባቢ ሰፋ ያለ ጊዜ አለው፤ ዛፉም በፍጥነት ይመለስለታል።

ደረጃ 4፦ ሽቦ

ከቡቃያዎቹ በተለያየ ከፍታና አቅጣጫ ያሉ አራት ወይም አምስት መርጠው ሌላውን ያንሱ። እርሳስ ሲያካክሉ አቅጣጫ ማስያዝ ይጀመራል። ልዩ ሽቦ አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ባለ 2.5 የሚሉት ነጠላ የመዳብ ሽቦ ይሠራል፣ ፕላስቲኩን ባይልጡት ደግሞ ለቅርፊቱ ይለሰልሳል። የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ይሁን። አንዱን ጫፍ ግንዱ ላይ አስይዘው ቅርንጫፉን በሰያፍ ይጠምጥሙት፣ ከዚያ በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ያጥፉት። የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰሙ እዚያው ያቁሙ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ማየት ግዴታ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሽቦ አስሬ ለሥራ ክፍለ አገር ወጣሁ፤ ሁለት ወር ተኩል ቆየሁ። ስመለስ ሽቦው አይታይም፤ ቅርፊቱ ግራና ቀኝ አብጦ ውጦታል። አሁንም የግራው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞር ጠባሳ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ያን ወገን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሽቦ ሲያወጡም አይፍቱት፤ በየቦታው በፒንሳ እየቆረጡ ይልቀሙት። መፍታት ቅርንጫፍ ይሰብራል።

ደረጃ 5፦ የዋርካ መልክ

መጽሐፍ ውስጥ የምናያቸው የጃፓን ቦንሳዮች አብዛኞቹ ጥድ ናቸው፤ ከላይ ሾጣጣ፣ ከታች ሰፊ። የደቡብ አፍሪካ አብቃዮች በበኩላቸው የአገራቸውን ጃንጥላ መሰል ግራር ተከትለው የራሳቸውን ቅርጽ ፈጥረዋል። እኛም ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ዕድር የሚሰበሰብበት ዋርካ እያለን ጥድ ማስመሰል ለምን ያስፈልገናል?

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ እውነተኛ ዋርካ ሥር ሄደው ይቁሙ። ታችኞቹ ቅርንጫፎች ወደ ሰማይ አይሮጡም፣ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ አናቱ ክብ ወይም ዝርግ ነው፤ ስፋቱ ከቁመቱ ይበልጣል። ከሥሩ ደግሞ ባዶ ቦታ አለ፣ ሰው የሚቀመጥበት። ይህን ባዶ ቦታ የምለካው በቡና ሲኒ ነው፤ ሲኒው ከታችኛው ቅርንጫፍ ሥር ሳይነካካ ከገባ ልኩ መጣ ማለት ነው። ካልገባ ያን ቅርንጫፍ አስወግደዋለሁ፣ ቢያሳሳም።

አክሊሉ የሚበዛው እንዲህ ነው፦ አዲስ ቀንበጥ ስድስት እስከ ስምንት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሁለት ቅጠል ይመልሱት። ከእነዚያ ሁለት ቅጠሎች ብብት ሁለት ቀንበጥ ይወጣል፤ በሚቀጥለው አራት ይሆናል። ቅጠሉ እንዲያንስ ሲፈልጉ፣ ዛፉ ጤነኛ ከሆነና ሙቀት ካለ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ቅጠሎቹን አገዳቸውን አስቀርተው በመቀስ ይቁረጡ። ተመልሶ የሚወጣው አነስ ይላል። በዚያው ዓመት ሥሩን የነኩትን ወይም የታመመውን ዛፍ ግን እንዲህ አያራቁቱት።

ደረጃ 6፦ ወደ ሳህኑ

አራተኛው ወይም አምስተኛው ዓመት ላይ ወደ ዝርግ ዕቃ ይዛወራል። የውጭውን የሴራሚክ ሳህን ከመፈለግ ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄደው ጥልቀቱ አራት ጣት የሆነ፣ ከታቹ ሦስት ቀዳዳ ያለው እንዲሠሩልዎ ያዙ። ቀዳዳውን ሸክላው ሳይተኮስ እንዲያወጡት ቀድመው ይንገሩ። ዛፉን ያውጡ፣ የሥሩን ሲሶ ያህል ይቁረጡ፣ በቀዳዳው ባሳለፉት ሽቦ ሥሩን ከሳህኑ ጋር ይሰሩት፤ የሚወዛወዝ ዛፍ አዲስ ሥር አይተክልም። ሦስት ሳምንት ጥላ ያቆዩት። ይህ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይደገማል።

የዕለት እንክብካቤው ቀላል ነው። ቦታው ደጅ፣ ፀሐይ ያለበት ነው፤ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን አጠገብ ያስቀመጡት ይመነምናል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ሌሊት ወደ ቤት ያስገቡት። ጣት አስገብተው ላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ፣ በታች እስኪፈስ ያጠጡ። በክረምት ጣሪያ ክፈፍ ሥር ይሁን። ቤንጃሚና ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን ያራግፋል፤ አይደንግጡ፣ ውኃም አያብዙበት። ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ካዩ በሳሙና ውኃ በጨርቅ ይጥረጉ።

ለበዓል አገር ቤት የሚሄዱ ከሆነ ሳህኑን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ሳፋ ላይ አስቀምጠው ጥላ ሥር ይተዉት፤ አራት አምስት ቀን ያቆየዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ የጎረቤት ልጅ ይለምኑ። እኔ የምለምነው የዚያችው ቡቃያ ቆጣሪ ጎረቤቴን ልጅ ነው፤ ክፍያው ስገርዝ የወደቀ አንድ ቅርንጫፍና አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር። አሁን እነሱ ቤት በረንዳ ላይ ሦስት አሉ።